ከላውንጅ እስከ አልጋ ወንበር፤ የቢዝነስ ክላስ መንገደኛ ሊያውቀው የሚገባ

ሰሞኑን አንድ የቆየ ወዳጄ ለስብሰባ ወደ ዋሽንግተን ሊሄድ ሲሰናዳ መሥሪያ ቤቱ ባልተለመደ ቸርነት የቢዝነስ ክላስ ትኬት ቆረጠለት። የመጀመሪያው ነበርና ሊያማክረኝ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ‹‹ስማ፣ ላውንጁ ውስጥ የሚበላው በነፃ ነው ወይስ ይከፈልበታል? ወንበሩስ እውነት አልጋ ይሆናል? ሻንጣዬ ቢጠፋስ፣ ትኬቱ ውድ እንደመሆኑ ካሳውም ይጨምራል?››

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ሁለት ሦስት ጊዜ የበረረ ሰው ሁሉ ይመልሳቸዋል። ሦስተኛው ግን ብዙ የተማረ ሰው የሚሳሳትበት ነው። እኔም የሕግ ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ በዚሁ አካባቢ ተሳስቻለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ለወዳጄ በቃል የነገርኩትን ለአንባቢያንም እንዲጠቅም በጽሑፍ እነሆ።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

በቀድሞው ጊዜ አውሮፕላን ሁለት ማዕረግ ብቻ ነበረው፤ አንደኛ ማዕረግና ተራ ማዕረግ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቅናሽ ትኬት ሲበዛ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የሚበረው ነጋዴና የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ግማሹን ከከፈለ ቱሪስት ጎን መቀመጡ ያስቆጨው ጀመር። ፓን አሜሪካንና ብሪቲሽ ኤርዌይስ በ1978፣ የአውስትራሊያው ቃንታስ ደግሞ በ1979 ለእነዚህ ደንበኞች መካከለኛ ክፍል ለዩላቸው። የዛሬው ቢዝነስ ክላስ የተወለደው ያኔ ነው። መነሻው ምቾት ሳይሆን ‹‹የከፈልኩት ይታወቅልኝ›› የሚል ቅሬታ እንደነበር ልብ ይሏል።

ወንበሩ አልጋ የሆነው ዘግይቶ ነው። ብሪቲሽ ኤርዌይስ በ2000 (እ.ኤ.አ.) ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ ወንበር በቢዝነስ ክላስ ሲያስገባ ሌሎቹም ተከተሉት። ኳታር ኤርዌይስ በ2017 በር ያለው የቢዝነስ ክላስ ክፍል አመጣ። የሲንጋፖር አየር መንገድ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ለሚያደርገው እጅግ ረጅም በረራ ባዘጋጀው ኤርባስ ላይ ኢኮኖሚ ክላስን ጨርሶ አስቀርቶ፣ 67 የቢዝነስና 94 የተሻሻለ ኢኮኖሚ ወንበሮችን ብቻ ተከለ።

የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢዝነስ ክላሱን ‹‹ክላውድ ናይን›› ይለዋል። በ2016 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ኤርባስ ኤ350-900 ሠላሳ የቢዝነስና 313 የኢኮኖሚ ወንበሮች አሉት። በ2024 የመጣው ትልቁ ኤ350-1000 ደግሞ 46 የቢዝነስ ወንበሮች ይዟል።

ትኬት ሲቆረጥ ታዲያ የማዕረጉን ስም ብቻ ሳይሆን የአውሮፕላኑን ዓይነትና የወንበሩን አደራደር መጠየቅ ብልህነት ነው። ወንበሮቹ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ሆነው ከተደረደሩ መስኮት ጥግ የተኛ ሰው ሌሊት ለመነሳት የጎረቤቱን እግር መሻገር አለበት። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ከሆኑ ግን ሁሉም በቀጥታ ወደ መተላለፊያው ይወጣል። ዋጋው ተመሳሳይ ሆኖ ሌሊቱ የተለያየ ይሆናል።

ሰማይ ላይ ሁሉም እኩል የሚተነፍሰው

አልጋው ይለያይ እንጂ አየሩ አንድ ነው። የተለመዱት አውሮፕላኖች የውስጥ አየራቸው በተራራ ላይ እንዳለ ሳስቶ፣ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው አየር ጋር ይመሳሰላል። ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ይህን ወደ 1,800 ሜትር ገደማ አውርደውታል። የለንደን ሰው ይህን ሲሰማ ‹‹አሁንም ተራራ ላይ ነኝ›› ይላል። ቦሌ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አዲስ አበቤው በድሪምላይነር ሲሳፈር፣ በአየሩ በኩል፣ ከቤቱ ቁልቁል ወርዷል ማለት ይቻላል።

የቦሌ ከፍታ ሌላም ጣጣ አለው። በሳሳ አየር ውስጥ ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ስለሚቀንስ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ፣ ሰውና ጭነት ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለብዙ ዓመታት መንገድ ላይ ለነዳጅ ሲቆም የኖረው፣ ሲመለስ ግን ሳይቆም በ13 ሰዓት ገደማ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሲሄዱ እንቅልፍዎ መሀል ላይ እንደሚቋረጥ አስበው ይተኙ።

የውስጡ አየር እጅግ ደረቅ ነውና ከወይኑ ይልቅ ውኃ ይብዛ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። አደጋው ለአብዛኛው ሰው አነስተኛ ቢሆንም ጠንቁ ለረጅም ሰዓት አለመንቀሳቀስ ስለሆነ፣ ‹‹አልጋ ላይ ነኝ›› ብሎ አሥር ሰዓት ሳይነሱ መዋል አይመከርም። ተነስቶ ወዲያ ወዲህ ማለት ለቢዝነስ ክላስ መንገደኛም ያስፈልገዋል።

ላውንጅ ምንድን ነው? ማንስ ይገባል?

አዲስ አበባ ውስጥ ‹‹ላውንጅ›› ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሙዚቃ የሚጮህበት መጠጥ ቤት ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ላውንጅ ተቃራኒው ነው፤ የሚሸጠው ጸጥታ ነው። ታሪኩ በ1939 (እ.ኤ.አ.) ይጀምራል። አሜሪካን ኤርላይንስ ያኔ በኒውዮርክ ላጓርዲያ ማረፊያ ለተመረጡ እንግዶቹ ክበብ ከፈተ። ከ1992 ጀምሮ ደግሞ እንደ ፕራዮሪቲ ፓስ ያሉ የአባልነት ካርዶች መጥተው፣ ኢኮኖሚ ክላስ የሚበረውም ከፍሎ የሚገባባቸው ላውንጆች በዙ።

በቦሌ ሁለተኛው ተርሚናል በ2003 (እ.ኤ.አ.) ተከፍቶ በ2019 ማስፋፊያው ተመርቋል። የአየር መንገዱ ላውንጅ ውስጥ እንጀራውም፣ በጀበና የሚፈላው ቡናም አለ። ትራንዚት የሚያደርገው የውጭ አገር ሰው ስለ ኢትዮጵያ የሚቀምሰው ብቸኛ ነገር ያ ስኒ ሊሆን ይችላል።

የመግቢያውን ደንብ ባለማወቅ በር ላይ የሚያፍረው ሰው ብዙ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ወዲህ አባል የሆነበት ስታር አሊያንስ ደንቡ ይህን ይመስላል። የቢዝነስ ክላስ ትኬት የሚያስገባው ባለትኬቱን ብቻ ነው፤ ሊሸኝዎት የመጣ ወንድምዎን ቀርቶ በኢኮኖሚ የሚሳፈሩ ባለቤትዎን እንኳ አያስገባም። የጎልድ ደረጃ አባል ግን፣ በሼባ ማይልስ ጎልድና ፕላቲነም የሆነ ማለት ነው፣ ኢኮኖሚ ቢበርም ይገባል፤ አብሮት የሚጓዝ አንድ እንግዳም ማስገባት ይችላል። በጉዞ ብዛት የተገኘ ደረጃ፣ እንግዳ በማስገባት በኩል፣ በገንዘብ ከተገዛ ትኬት ይበልጣል ማለት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በብዙ ላውንጆች በረራ በድምፅ ማጉያ አይጠራም። ሶፋው ላይ ሸለብ አድርጓቸው አውሮፕላን ያመለጣቸው ሰዎች ታሪክ ብዙ ነው። ሰሌዳውን ማየት የመንገደኛው ግዴታ ነው።

ሻንጣ ማዕረግ አያውቅም

አሁን ወደ ወዳጄ ሦስተኛ ጥያቄ እንምጣ። ዓለም አቀፍ የአየር ጉዞን የሚገዛው ዋና ሕግ በ1999 (እ.ኤ.አ.) የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ተቀብላዋለች፤ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረትም ያጸደቅነው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

ስምምነቱ ለጠፋ፣ ለተጎዳ ወይም ለዘገየ ሻንጣ የካሳ ጣሪያ አስቀምጧል። ጣሪያው በየጊዜው የሚከለስ ሲሆን ከታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስ.ዲ.አር ነው። ኤስ.ዲ.አር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን ገንዘቡ ሁለት ሺሕ የአሜሪካን ዶላር አካባቢ ወይም ትንሽ ከፍ የሚል ይሆናል። ይህ ጣሪያ አልጋ ላይ ለተኛውም፣ ጉልበቱን አጥፎ ላደረውም አንድ ነው። አራት እጥፍ የከፈለ ሰው አራት እጥፍ አይካስም።

ውድ ዕቃ የያዘ ሰው ግን መንገድ አለው። ሻንጣውን ሲያስረክብ የዕቃውን ዋጋ ለይቶ በማስታወቅና፣ ከተጠየቀም ተጨማሪ በመክፈል ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ይችላል። በተግባር ይህን የሚያደርግ ሰው አይቼ አላውቅም፤ መብቱ ግን በስምምነቱ አንቀጽ 22 ተጽፎ ይገኛል።

ከሁሉ የከፋው የጊዜ ገደቡ ነው። የተጎዳ ሻንጣ ሲሆን ከተረከቡበት ቀን አንስቶ በሰባት ቀን፣ የዘገየ ሲሆን ሻንጣው ከደረሰዎት አንስቶ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ማቅረብ ግድ ነው። በ21 ቀን ያልመጣ ሻንጣ እንደጠፋ ሊቆጠር ይችላል። ክስ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ይቀራል። እጅዎ ላይ ለያዙት ቦርሳና ላፕቶፕ አየር መንገዱ የሚጠየቀው በራሱ ጥፋት ሲጎዳ ብቻ ነው። ላውንጅ ውስጥ ወንበር ላይ ትተውት ቡና ሊቀዱ ሲሄዱ ይህን ያስታውሱ።

ከአልጋ ወደ ወንበር

የኔን ስህተት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የአውሮፓ ከተማ ስመለስ ላውንጅ ተቀምጬ ስሜ ተጠራ። የወንበሬ መዘርጊያ ተበላሽቷል ተባልኩ፤ ኢኮኖሚ ክላስ እንድሳፈር በትህትና ተጠየቅሁ። ለሌላ ጉዞ የሚያገለግል የቅናሽ ኩፖን ሰጡኝና ወረቀት አቀረቡልኝ። ቸኩዬ ነበር፤ ደክሞኛልም። ሳላነብ ፈረምኩ። ደንበኞቼን ሃያ ዓመት ሙሉ ‹‹ያላነበባችሁትን አትፈርሙ›› ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ያኔ የነበረኝ መብት ይህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 አንቀጽ 10 እንደሚለው መንገደኛ ከገዛው ማዕረግ ዝቅ ብሎ ከተሳፈረ፣ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ረጅም በረራ ላይ የትኬቱ ዋጋ 75 በመቶ በሰባት ቀን ውስጥ ይመለስለታል። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2016 እንደወሰነው ስሌቱ ዝቅ በተደረጉበት የበረራ ክፍል ዋጋ ላይ እንጂ በደርሶ መልሱ በሙሉ አይደለም። ክፍያው በገንዘብ ነው፤ ኩፖን የሚሆነው መንገደኛው በፊርማው ሲስማማ ብቻ ነው። እኔም የተስማማሁት ይህንኑ ነበር። መብቱ ሳይነገረው የፈረመ ሰው ክስ የማቅረብ መብቱ እንደማይቀር አንቀጽ 15 ይደነግጋል። ይህን አንብቤ ስጨርስ ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ደንቡ ከኅብረቱ አገሮች በሚነሳ ማናቸውም በረራ ላይ፣ አየር መንገዱ የማንም ይሁን፣ ይሠራል። ወደ ኅብረቱ በሚገባ በረራ ላይ ግን የሚሠራው አየር መንገዱ የኅብረቱ ሲሆን ብቻ ነው። ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ በኛው አየር መንገድ ሲመጡ ይጠብቅዎታል፤ ሲሄዱ አይጠብቅዎትም። በአሜሪካም ዝቅ የተደረገ መንገደኛ የዋጋውን ልዩነት የማስመለስ መብት አለው። ደንብ በሌለበት ደግሞ የሚቀረው ውሉ ነው፤ ውሉ የሚገኘው በአየር መንገዱ የማጓጓዣ ሁኔታዎች ውስጥ ነው።

ላውንጅ በሕግ ዓይን

በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት አየር መንገዱ ለአካል ጉዳት የሚጠየቀው አደጋው አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ወይም በመሳፈርና በመውረድ ተግባር ላይ ሲደርስ ነው። ላውንጅ ውስጥ ተንሸራትቶ የወደቀ ሰውስ ‹‹እየተሳፈረ›› ነው?

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በቀድሞው የዋርሶ ስምምነት ተመሳሳይ ቃላት ላይ ሁለት የሚያስተምሩ ውሳኔዎች ሰጥተዋል። በ1973 በአቴንስ ማረፊያ በተጣለው ጥቃት የተጎዱት መንገደኞች የፓስፖርት ቁጥጥር አልፈው ለፍተሻ ተሰልፈው ስለነበር እንደተሳፋሪ ተቆጠሩ። በ1985 በሮም በደረሰው ጥቃት የሞተው መንገደኛ ግን ትኬቱን አስመዝግቦ ገና ሕዝብ በሚመላለስበት አዳራሽ ውስጥ ስለነበር አልተቆጠረም። መለኪያው ሰውየው የት ነበር፣ ምን እያደረገ ነበር፣ በማን ቁጥጥር ሥር ነበር የሚለው ነው። ላውንጅ በሁለቱ መካከል የሚወድቅ ቦታ ነው። ሶፋ ላይ እንደልቡ የተቀመጠ ሰው፣ በኔ አስተያየት፣ ለሮሙ ይቀርባል።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነገሩ ይቀላል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 ከአስተናጋጅ የቀረበ ትኩስ ቡና በሕፃን ላይ የፈሰሰበትን ጉዳይ ሲመለከት፣ የአውሮፕላኑ መናወጥ ባይረጋገጥም፣ ይህ ‹‹አደጋ›› ነው ብሏል።

ለወዳጄ የሰጠሁት ምክር በአጭሩ ይህ ነው። ላውንጁ በነፃ ነው፤ ብላ፣ ሰሌዳውን ግን እይ። ወንበሩ አልጋ ይሆናል፤ ተነስተህ ተንቀሳቀስ። ወርቅና ሰነድ ሻንጣ ውስጥ አትክተት። የመሳፈሪያ ወረቀትህን ቤትህ እስክትገባ አትጣል። ወረቀት አቅርበው ‹‹እዚህ ጋ ይፈርሙልን›› ካሉህ ደግሞ፣ አውሮፕላኑ ቢቆምም ባይቆም፣ አንብብ። እሱም ሳቀና ‹‹አንተ አንብበህ ነበር?›› አለኝ። ከላይ የነገርኳችሁን ነገርኩት።