ጉድፍ ሲመሰክር

የፊዚክስ ሊቁ ካመርሊንግ ኦነስ እ.ኤ.አ. በ1911 ላይደን ውስጥ ሜርኩሪን የመረጠው እንደ አረቄ ደጋግሞ እያተነኑና እያንጠበጠቡ ማጥራት ስለሚቻል ነበር። ሜርኩሪው በ4.2 ኬልቪን ገደማ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እክል ማሳለፍ ሲጀምር ምስጢሩ ጥራቱ ይመስል ነበር። አልነበረም፤ ወርቅና ካድሚየም ሆን ተብሎ ሲጨመርበትም ሱፐርኮንዳክተርነት የተባለው ይህ ባሕርይ አልጠፋም። ምክንያቱን በ1959 ያስረዳው ፊሊፕ አንደርሰን ነው፦ ኤሌክትሪኩን ያለ እክል የሚሸከሙት የኤሌክትሮን ጥንዶች ትስስር በየአቅጣጫው አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ማግኔታዊ ያልሆነ ባዕድ አተም መንገዳቸውን ቢያስቀይራቸውም ጥንድነታቸውን አያፈርስም። በእኔ አስተያየት የዚህ ግኝት ትልቁ ፍሬ የታየው በተቃራኒው በኩል ነው። እንዲህ ያለው ጉድፍ ሱፐርኮንዳክተርነቱን የሚገድልበት ቁስ ከተገኘ፣ ጥንዶቹ ከተለመዱት የተለዩ ናቸው ማለት ነው።

ዮሺቴሩ ማኤኖና ባልደረቦቹ ሱፐርኮንዳክተርነቱን በ1994 ያስተዋወቁት ስትሮንቲየም ሩተኔት እንዲህ ያለ ቁስ ሆኖ ተገኘ። በጠሩት ክሪስታሎች 1.5 ኬልቪን ላይ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፤ በ1998 እንደታየው ግን ኤሌክትሮኖቹ ሳይጋጩ የሚጓዙት ርቀት ከ100 ናኖሜትር ገደማ ሲያንስ ነገሩ ሁሉ ይጠፋል። ኤሌክትሮኖች አጥብቀው በሚገፋፉበት ቁስ ውስጥ የጥንዶቹ ሞገድ ግፊያውን የሚሸሸው በአንድ አቅጣጫ ፖዘቲቭ በሌላው ኔጋቲቭ በመሆን ነው፤ ጉድፍ አቅጣጫዎቹን ሲያደባልቅ ሁለቱ ይጠፋፋሉ።

ሱፐርኮንዳክተር የሆኑትን መዳብ ኦክሳይዶች ጠቅሶ የሚሞግት ይኖራል፤ ሙግቱም ቀላል አይደለም። የእነሱም ሞገድ ምልክቱን ይቀያይራል፤ ሆኖም በጨረር የተጎዱ ናሙናዎች ቀላሉ ስሌት ከሚጠብቀው በላይ ይጸናሉ። ጥንዶቹ እጅግ አጭር ናቸው፤ ግፊያውም የጉድፉን ኃይል ያለዝባል። ይባስ ብሎ ራሱ ማግኔታዊ ያልሆነው ዚንክ መዳብን ሲተካ በዙሪያው ያሉትን መዳቦች ማግኔታዊ ያደርጋቸዋል፤ እናም የአንደርሰን ንጹሕ ክፍፍል እዚህ ላይ ይደበዝዛል። ይህ ግን ጉድፍ ከግፊያው ተነጥሎ እንደማይነበብ ያሳያል እንጂ ምስክርነቱን ውድቅ አያደርግም። ስትሮንቲየም ሩተኔትን ራሱን እንይ። በ1998 የወጣ የኒውክሌር ማግኔታዊ ልኬት የጥንዶቹ ስፒን (የኤሌክትሮኖቹ ማግኔታዊ ባሕርይ) ወደ አንድ አቅጣጫ ነው አሰኝቶ ለሃያ ዓመት ያህል ታመነበት። በ2019 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲደገም፣ የመለኪያው የሬዲዮ ምት ናሙናውን ያሞቀው እንደነበር ታወቀና ድምዳሜው ወደቀ። ጉድፍ የተናገረው ግን አልተነካም፤ ዛሬ ክርክሩ ሞገዱ ምልክቱን የሚቀያይረው በየትኛው ቅርጽ ነው በሚለው ላይ ነው።