የአማተሮች የአውራ ጎዳና የመኪና ውድድር

የአውራ ጎዳና የመኪና ውድድር፣ በሌላው ቀን ሕዝብ የሚመላለስበት አስፋልት ለጥቂት ሰዓታት ለትራፊክ ተዘግቶ፣ መኪኖች በየተራ ከአንድ ጫፍ ተነሥተው እስከ ሌላው ጫፍ የሚሮጡበት ስፖርት ነው። በአንድ መኪና ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሾፌሩ፣ ሌላው ናቪጌተር የሚባለው መንገድ መሪ ነው። ተወዳዳሪዎቹ በአብዛኛው አማተሮች ናቸው። በሥራ ቀን ሌላ መተዳደሪያ ያላቸው፣ የመመዝገቢያውን ከኪሳቸው የሚከፍሉ፣ ብዙዎቹም ለውድድር ባመጡት በዚያው መኪና ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። ስፖርቱ ዛሬ በስፋት የሚታወቀው በዩናይትድ ስቴትስ ሲሆን፣ ስመ ጥሩው ውድድር በኔቫዳ ግዛት ከ1988 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ የሚካሄደው ሲልቨር ስቴት ክላሲክ ቻሌንጅ ነው። አዲስ ተመልካችን ግራ የሚያጋባው ደንቡ ነው፦ ከአንድ ምድብ በስተቀር ቀድሞ የደረሰ አያሸንፍም። የሚያሸንፈው አስቀድሞ የመረጠውን አማካይ ፍጥነት ከሁሉ አስጠግቶ የጠበቀ ነው።

የመኪና ውድድር ራሱ የተወለደው በአውራ ጎዳና ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይ ውድድር ማለት ከከተማ ወደ ከተማ መሮጥ ነበር፤ በ1903 ከፓሪስ ወደ ማድሪድ የተጀመረው ግን ሾፌሮችም ተመልካቾችም ስለሞቱበት ቦርዶ ላይ እንዲቆም ተደረገ። በዚያ ዘመን ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጠው ሁለተኛ ሰው መካኒክ ነበር። ሥራው ዘይትና ነዳጅ መከታተል፣ ጎማ ሲፈነዳ ወርዶ መቀየር እንጂ መንገድ ማንበብ አልነበረም። መኪኖቹ አስተማማኝ እየሆኑ ሲሄዱ መካኒኩ አስፈላጊነቱ ቀነሰ፤ ወንበሩን ግን ሌላ ባለሙያ ያዘው።

የሽግግሩ ምርጥ ምሳሌ በ1955 ሚሌ ሚሊያ ላይ የታየው ነው። ይህ የጣሊያን ውድድር ከብሬሻ ተነሥቶ ሮምን ዞሮ ብሬሻ የሚመለስ፣ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ነበር። እንግሊዛዊው ሾፌር ስተርሊንግ ሞስ ጋዜጠኛውን ዴኒስ ጄንኪንሰንን ከጎኑ አስቀመጠ። ሁለቱ መንገዱን አስቀድመው ደጋግመው ነድተው፣ ጄንኪንሰን እያንዳንዱን አደገኛ ኩርባ፣ ጉብታና የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ 5 ሜትር ተኩል በሚሆን ጥቅል ወረቀት ላይ ጻፈ። ጥቅሉ መስኮት ባለው ትንሽ ሣጥን ውስጥ እየተሽከረከረ ይነበብ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ንግግር ስለማያሰማ ማስታወሻው ለሾፌሩ የሚደርሰው በእጅ ምልክት ነው። ሞስ ከጉብታው ማዶ ያለውን ሳያይ በጄንኪንሰን እጅ ብቻ ተማምኖ ነዳጅ ሳይቀንስ ያልፍ ነበር። መርሴዲሳቸው መንገዱን በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ጨረሰ፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 157 ኪሎ ሜትር ከግማሽ በላይ ነው። ያንን ታላቅ ሾፌር፣ ብቻውን የነዳውን ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮን፣ በግማሽ ሰዓት ያህል ቀደሙት። መንገድ መሪ ጌጥ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ውጤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በሜክሲኮ በ1950 የተጀመረው ካሬራ ፓናሜሪካና ደግሞ ለአማተሩ ተስፋ የሰጠ ነበር። የፓን አሜሪካን አውራ ጎዳና የሜክሲኮ ክፍል መጠናቀቁን ለማብሰር በተዘጋጀው በመጀመሪያው ውድድር ያሸነፉት ከኦሪገን የመጡት ሾፌር ኸርሸል ማክግሪፍና መንገድ መሪው ሬይ ኤሊየት ናቸው፤ መኪናቸውም ማንም ከመሸጫ ሊገዛው የሚችል ኦልድስሞቢል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ካርል ክሊንግና ሃንስ ክሌንክ በመርሴዲስ ሲሮጡ አንድ ጥንብ አንሣ የፊት መስታወቱን ሰብሮ ክሌንክን መታው። ጉዞውን ግን አላቋረጡም፤ በመስታወቱ ፊት የብረት ዘንጎች አስገጥመው ውድድሩን አሸነፉ።

እነዚህን ውድድሮች ያስቆማቸው ሞት ነው። ካሬራ ፓናሜሪካና ከ1954 በኋላ ቀረ። በ1957 ሚሌ ሚሊያ ላይ የአልፎንሶ ደ ፖርታጎ ፌራሪ ጎማው ፈንድቶ ከመንገድ ሲወጣ፣ እሱና ከጎኑ የነበረው ኤድመንድ ኔልሰን ከዘጠኝ ተመልካቾች ጋር ሞቱ፤ ከተመልካቾቹ አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሩጫ በአብዛኛው ወደተከለለ ፒስታ ገባ። ሚሌ ሚሊያ በ1977 ሲመለስ የጥንት መኪኖች በተወሰነ ሰዓት የሚጓዙበት ሰዓት የመጠበቅ ውድድር ሆኖ ነው፤ ካሬራ ፓናሜሪካናም በ1988 በታሪካዊ መኪኖች ታድሷል።

በዚያው በ1988 ኔቫዳ ውስጥ ሲልቨር ስቴት መጀመሩን ለመረዳት የዩናይትድ ስቴትስን የፍጥነት ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። ኔቫዳ ቀድሞ ከከተማ ውጭ ባሉ መንገዶቿ ላይ በቁጥር የተወሰነ የፍጥነት ገደብ አልነበራትም። ከዓለም አቀፉ የነዳጅ ቀውስ በኋላ፣ በ1974፣ በሰዓት 55 ማይል (88 ኪሎ ሜትር) የሚል አገር አቀፍ ገደብ ተጣለ። መኪና ወዳዱ አሜሪካዊ ይህንን እንደ ቅጣት ነበር የቆጠረው። አንዳንዱ እንደ ካነንቦል ባሉ ሕገ ወጥ ሩጫዎች ትራፊክ በሚተራመስበት መንገድ ከኒው ዮርክ እስከ ካሊፎርኒያ እየሮጠ ተቃውሞውን ገለጸ። የኔቫዳው ውድድር ያንኑ ፍላጎት በፈቃድ፣ በተዘጋ መንገድና በኢንሹራንስ የሚያስተናግድ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ይሆናል። የውድድሩ ማረፊያ የሆነችው ኢላይ ከተማም እንግዳ ትፈልግ ነበር፤ ለአሥርት ዓመታት ያኖራት የመዳብ ማዕድን በ1970ዎቹ መጨረሻ ተዘግቶባታል።

ውድድሩ የሚካሄደው በግዛቱ መንገድ ቁጥር 318 ላይ ነው። መነሻው በለንድ መንደር አካባቢ፣ መድረሻው ከሂኮ በስተሰሜን ሲሆን ርቀቱ 90 ማይል ወይም 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በየአቅጣጫው አንድ አንድ ረድፍ ብቻ ያለው፣ ደረቅ ሸለቆ አቋርጦ አብዛኛውን ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነው። ተወዳዳሪውን የሚያስፈራው ‘ጠባቡ’ የሚባለው በገደሎች መካከል የሚጠማዘዝ አጭር ክፍል ነው፤ ለረጅም ጊዜ ቀጥ ባለ መንገድ የሮጠ ሾፌር ፍጥነቱን ስለሚለምደው ኩርባው ሳያስበው ይደርስበታል። ዋናው ውድድር በመስከረም ወር ይደረጋል፤ በዚሁ መንገድ ላይ በግንቦት የሚካሄድ ወንድም ውድድርም አለ። መኪኖቹ አብረው አይነሡም፤ አንድ በአንድ፣ በተወሰነ ልዩነት ይለቀቃሉ። መተላለፍ እንዲቀንስም ፈጣኖቹ ከዘገምተኞቹ ፊት እንዲነሡ ይደረጋል።

ምድቦቹ በአማካይ ፍጥነት የተከፈሉ ናቸው። ዝቅተኛው በሰዓት 95 ማይል (153 ኪሎ ሜትር) ነው፤ ከዚያ በአምስት አምስት ማይል እየጨመሩ እስከ 180 ማይል (290 ኪሎ ሜትር) ይደርሳሉ። ገደብ የሌለው ምድብ ለብቻው ነው። ጀማሪ ትምህርት ወስዶ፣ ከታችኞቹ ምድቦች በአንዱ ብቻ ይፈቀድለታል። ለየምድቡ ሊታለፍ የማይገባ ከፍተኛ ፍጥነትም አለ፤ በመንገዱ ዳር ተደብቆ የሚጠብቅ ራዳር ከያዘው ተወዳዳሪው ይሰረዛል። ይህ ደንብ ባይኖር ኖሮ አንዱ መጀመሪያ አብዝቶ ሮጦ፣ መጨረሻ ላይ እያዘገመ አማካዩን ሊያስተካክል ይችል ነበር።

የ150 ማይልን ምድብ እንይ። 90 ማይልን በዚህ ፍጥነት ለመጨረስ 36 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ማይል 24 ሰከንድ ነው። መኪናው በየሰከንዱ 67 ሜትር ይበላል። ሾፌሩ በአማካይ አንዲት ማይል ብቻ አብዝቶ በ151 ቢነዳ 14 ሰከንድ ቀድሞ ይደርሳል፤ ይህ ከሽልማት ዝርዝሩ የሚያስወጣ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ከፊት ያሉት የሚለያዩት በሰከንድ ክፍልፋይ ነው። መቅደምም መዘግየትም እኩል ያስቀጣል።

ከዚህ ላይ ሥራው ወደ መንገድ መሪው ያዘነብላል። መኪናው ከቆመበት ስለሚነሣ ገና ሲጀመር ይዘገያል። ከዜሮ እስከ 150 ማይል ለመድረስ ግማሽ ደቂቃ የፈጀ መኪና 15 ሰከንድ ያህል ዕዳ አለበት። ዕዳው በ155 ማይል እየነዱ የሚከፈል ከሆነ በየማይሉ የሚተርፈው ከአንድ ሰከንድ በታች ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡ የሚዘጋው 19 ማይል ያህል ከተሮጠ በኋላ ነው። ከዚያም ለ‘ጠባቡ’ የሚሆን ጥቂት ሰከንድ ማትረፍ ይመረጣል፤ እዚያ ፍጥነት መቀነስ ግድ ነውና። መንገድ መሪው በጉልበቱ ላይ ሠንጠረዥ ዘርግቶ፣ ሁለት ሰዓት ይዞ፣ በየማይል ምልክቱ መድረስ የነበረበትን ጊዜና የደረሰበትን ጊዜ ያስተያያል። በኢንተርኮም የሚናገረውም አጭር ነው፦ ‘ሁለት ቀድመናል፣ በዚሁ ያዝ’። መተንተን የለም፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይታለፋልና። በ80ኛው ማይል ላይ አራት ሰከንድ ቀድሞ የተገኘ ቡድን የቀረውን 10 ማይል በ147 ተኩል ማይል ፍጥነት መጨረስ አለበት፤ ይህን ምልክቱ ላይ ደርሶ ማስላት ስለማይቻል መንገድ መሪው የየሰከንዱን መልስ ከቤቱ አስልቶ ይመጣል።

የመኪናው የፍጥነት ጌጅ በዚህ ሁሉ መሐል ብዙም አይታመንም። ጎማ ሲሞቅና በኃይል ሲሽከረከር ዙሪያው በትንሹ ያድጋል፤ ርቀቱ የሚለካው ደግሞ በጎማው ዙር ብዛት ነው። ከሺህ የሦስት ስሕተት በ90 ማይል ውስጥ ሩብ ማይል ያህል ይሆናል፤ ይህም በ150 ማይል ምድብ ከስድስት ሰከንድ በላይ ማለት ነው። ጂፒኤስ ሥራውን አቅልሎታል፤ ዳር ላይ የተተከለውን የማይል ምልክት ግን ልምድ ያለው መንገድ መሪ አይተወውም። ቡድኖቹ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ ወይም የረጅም ጊዜ ወዳጆች ናቸው። ብልሃተኛ ምርጫ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ሰምቶ መተግበር ከማያውቁት ሰው ጋር አይሆንም።

መኪኖቹ ከመነሣታቸው በፊት ምርመራ ያልፋሉ፤ በዚህ ምርመራ ከሁሉ በላይ የሚፈተሸው ጎማ ነው። በጎማ ጎን ላይ የሚታተመው ፊደል የተፈቀደለትን ፍጥነት ያሳያል፦ ቪ በሰዓት 240፣ ደብሊው 270፣ ዋይ 300 ኪሎ ሜትር። የ150 ማይሉ ምድብ በኪሎ ሜትር 241 ስለሆነ ቪ ገና ከመነሻው አይበቃውም። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ቢሆን ካረጀ አይፈቀድም። ሄልሜት፣ የእሳት ማጥፊያና ጠንካራ ቀበቶ ግዴታ ናቸው፤ ምድቡ ከፍ ሲል ደግሞ እሳት የሚቋቋም ልብስና ጣሪያውን ከውስጥ የሚደግፍ የብረት ፍሬም ይጨመራሉ። በመንገዱ ዳር የተሰማሩ አማተር የሬዲዮ ኦፕሬተሮች እያንዳንዱ መኪና ማለፉን ይዘግባሉ፤ በረሃው የስልክ መስመር እንደልብ የሚገኝበት አይደለም። የአደጋው ስጋት ግን አይወገድም። መንገዱ እንደ ፒስታ አደጋ የሚያለዝብ ዳርቻ የለውም፤ የዱር እንስሳ ወይም ከብት ሊገባበት ይችላል፤ በዚህ ስፖርት ሕይወት የጠፋባቸው አደጋዎችም ደርሰዋል።

ገደብ የሌለው ምድብ ብቻ የጥንቱን ሕግ ይከተላል፤ መንገዱን ባነሰ ጊዜ የጨረሰ ያሸንፋል። በ2017 በዚህ ምድብ የሮጠ መኪና መንገዱን በአማካይ 219.643 ማይል (353 ኪሎ ሜትር) ፍጥነት ጨርሷል፤ 25 ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። መኪናው ናስካር ለሚባለው የባለሙያዎች ውድድር የተሠራ ዶጅ ነበር፤ ስለዚህ ቁጥሩ ስለ መንገዱ እንጂ ስለ አማተሩ ብዙ አይናገርም። አብዛኛው ተሳታፊ ያለው ከ100 እስከ 150 ማይል ባሉት ምድቦች ነው።

ከኔቫዳ ውጭ በነብራስካ የአርኖልድ ከተማ የምታስተናግደው የሳንድሂልስ ውድድር አለ። በቴክሳስ ደግሞ ቢግ ቤንድ የሚባለው፣ ከፎርት ስቶክተን ወደ ሳንደርሰን በመንገድ ቁጥር 285 የሚሮጠው፣ ተጠቃሽ ነው። የቴክሳሱ መንገድ በአንድ አቅጣጫ 59 ማይል ሲሆን ኩርባና ጉብታ የበዛበት ነው። መኪኖቹ ሳንደርሰን ከደረሱ በኋላ በመጡበት ይመለሳሉ፤ የሁለቱ ጉዞ ጊዜ ተደምሮ ይታያል። በመመለሻው የታወቀው ኩርባ ሁሉ በተቃራኒው ስለሚመጣ፣ ሄዶ የመጣ መንገድ መሪ ለአንዱ አስፋልት ሁለት የተለያዩ ማስታወሻዎች ያዘጋጃል።