ማንን ነው የምታሞግሰው?

ወቅቱ የገና ሰሞን ነበር፤ ቦታው ላሊበላ። ከቤተ ማርያም ግቢ ወጥቼ ብርዱና ረሃቡ ተባብረው ሲያዳፉኝ አንዲት ጀበና ቡና ቤት ገባሁ። ቤት ስላችሁ አንዲት ልጅ፣ አራት ዱካና ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ማለቴ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ክሊፕ ይታያል። አንዲት ዘፋኝ፣ ከኋላዋ ስድስት ተወዛዋዦች፣ ከጎኗ ጣሪያው የተከፈተ መኪና። ካሜራው ፊቷ ላይ ብዙም አይቆይም፤ ወደ ዳሌዋ ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወርዳል። አጠገቤ ለበዓሉ ከዋግ በእግራቸው የመጡ አንዲት መነኩሲት ተቀምጠው ነበር። ስኒያቸውን ይዘው ጥቂት አዩና ወደ ቡና አፍይዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይች ማንን ነው የምታሞግሰው?»

«ማንንም አይደለም እማሆይ። ስለ ራሷ ነው የምትዘፍነው። ስለ ቁንጅናዋ።»

«ስለ ራሷ?» አሉ እማሆይ። «ምነው፣ የሚያወድሳት ሰው ጠፍቶ?»

ልጅቱ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጥያቄው የእውነት ነበራ! እኔም ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ።

በእሳቸው አገር ዘፈን ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ደግሞ ዘፋኙ አይደለም። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ሰርግ ቤት ሲገባ የሚነሳው የሙሽራው፣ የሚዜው፣ የደጋሹ ስም ነው። የእሱን ስም ማን ይጠይቃል? ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፉለታል፣ በቃ። ከአዝማሪም የባሱ አሉ፤ ስማቸውን ከቅዱሱ ከተማ ጋር የሚጋሩት ላሊበሎች። አሚና የሚሏቸውም አሉ። ዶሮ ሲጮህ፣ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው ደጅ ላይ ይቆማሉ። እሱ ግጥሙን ያወርዳል፣ እሷ ከሥር ታጅበዋለች። ከመምጣታቸው በፊት ጎረቤት ጠይቀው የአባወራውን ስም፣ የልጆቹን ስም፣ የሠራውን በጎ ሥራ አጥንተዋል። ሰውየው ገና ከአልጋው ሳይወርድ የገዛ ዝናውን ከደጅ ይሰማል ማለት ነው። የሰጠ ይመረቃል። እነሱ ደግሞ በነጠላና በጋቢ እንደተሸፈኑ፣ ጎህ ሳይቀድ እብስ ይላሉ።

«ያ ዘመን እንዴት ያለ የትሕትና ዘመን ነበር» እንዳትሉኝ። ላሊበሎች የተሸፈኑት ትሑት ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ልመናውን ያቋረጠ ቁምጥና ይይዘዋል የሚል እምነት ከዘር ዘር ሲወርድ ስለመጣ ነው፤ ከማኅበረሰቡም መናቅ ስላለ ነው። አዝማሪም ቢሆን ጥበቡ ይወደዳል እንጂ ልጅ አይዳርለትም ነበር። የምትዘፍን ሴትማ ስሟ ስድብ ነበር። እንግዲህ ክሊፕ ለዚያች ሴት ስምና ገንዘብ ካመጣላት፣ እኔ ማን ነኝና ነው «ተሸፈኚ» የምላት?

ታዲያ ወሲብስ በዱሮው ዘፈን አልነበረም እንዴ? ነበር እንጂ! በሽ ነው። ክፍል ውስጥ ቅኔ ሳስተምር አንዳንዱን የአዝማሪ ግጥም ፈትቼ መጨረስ አቅቶኝ ያቆምኩበት ቀን አለ፤ ከፊት የተቀመጡት ተማሪዎች ቀድመውኝ ፈትተውት አንገታቸውን ደፍተው ነበር። የሰምና ወርቅ ነገር እንዲህ ነው። አዝማሪው ሰሙን ይሰጣል፤ ስለ ማሳ፣ ስለ በቅሎ፣ ስለ ጠላ ያወራል። ወርቁን የሚያወጣው ሰሚው ነው። ነውሩም የሰሚው ነው። «እኔ ስለ በቅሎ ነው ያወራሁት» ቢል ማን ይከሰዋል?

ከአራቱ ቅኝቶች ብዙዎች ለላስታ የሚሰጡት አንቺሆዬን ነው። ስሙን ልብ በሉት። ባቲና አምባሰል የቦታ ስም ናቸው፣ ትዝታ የሐሳብ ስም ነው። አንቺሆዬ ግን ጥሪ ነው። ቅኝቱ ራሱ «አንቺ!» ብሎ ሴትን ይጠራል። ላስታ ለዘፈን የሰጠው መደብ ሁለተኛ መደብ ነው። የእማሆይ ግርምትም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ክሊፑ «አንቺ» አይልም፤ «እኔ» ነው የሚለው።

ካሜራ ወደ ወሎ ዘፈን የገባው ቀስ ብሎ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ለላስታ ገበሬ ግን ቴሌቪዥን የሩቅ አገር ወሬ ነበር። በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ የወሎው ቡድን «ላሊበላ» የሚል ስም ይዞ ብቅ አለ፤ ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት ያፈራ ቡድን ነው። የዚያን ጊዜ የቴሌቪዥን ምስል ዘፋኝን ብቻዋን አያጎላም። አሥር አሥራ አምስት ሆነው በአንድ ልብስ፣ በአንድ ፈገግታ ይሰለፋሉ። «የወሎ ቆንጆ» የሚባለው ነገር ከጆሮ ወደ ዓይን የተሻገረው፣ እንደ እኔ ግምት፣ እዚያ ነው። ሹሩባ፣ ነጭ ቀሚስ፣ የሚንቀጠቀጥ ትከሻ። ከዚያ በኋላ ወሎ ማለት ያ ምስል ሆነ።

ያ ምስል ግን ጎን ለጎን ሌላ ምስል መጣበት። በ1977 ዓ.ም. መባቻ መንግሥት ኢሠፓን መሥርቶ፣ አሥረኛውን የአብዮት በዓል በባለ ቀለም ቴሌቪዥን ሲያሳይ፣ ላስታም ዋግም ራያም በረሃብ እየረገፉ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም (ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች) ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። የፖፕ ዘፋኞች ተነሡ። በለንደን ቦብ ጌልዶፍ ጓደኞቹን ሰበሰበ። ጥር 20 ቀን ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ የጻፉትን ዘፈን ከአርባ በላይ ዝነኞች በአንድ ሌሊት ቀዱት። አቀናባሪው ኩዊንሲ ጆንስ ዝነኞቹ ኩራታቸውን ደጅ ላይ ትተው እንዲገቡ የሚያሳስብ ጽሑፍ ለጥፎ ነበር ይባላል። መልካም። ክሊፑን ስታዩት ግን ማይክል ጃክሰን ሲመጣ ካሜራው ከሚያብለጨልጨው ካልሲው ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ በካልሲው የሚታወቅ ሰው ነዋ! ኩራት ደጅ ቀርቷል፣ ካልሲው ግን ገብቷል።

ይኼ ቀልድ ነው፤ የሚቀጥለው አይደለም። «ዘ ካርስ» የሚባል የአሜሪካ ባንድ «ድራይቭ» የሚል የፍቅር ዘፈን ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1984 ክሊፕ ተሠራለት፤ ያዘጋጀው ተዋናዩ ቲሞቲ ሃተን ነበር፣ የምትታየው ሞዴሏ ፓውሊና ፖሪዝኮቫ ነበረች። ቆንጆ ሴት ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፤ ካሜራው ፊቷን ይጠጣዋል። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በዌምብሌይ ስታዲየም የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ሲካሄድ ዴቪድ ቦዊ ከራሱ ዘፈኖች አንዱን ትቶ በምትኩ ፊልም አሳየ። የካናዳ ቴሌቪዥን ከኢትዮጵያ ያነሣው የረሃብ ምስል ነበር። ከሥሩ የገባው ዘፈን ያው «ድራይቭ» ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንድ ዘፈን፣ አንድ ዜማ፣ አንድ ዓመት እንኳ ያልሞላ ልዩነት። በመጀመሪያው ክሊፕ የሚታየው ገላ ስም አለው፤ ፓውሊና ይባላል፣ ይከፈለዋል፣ ከዚያም በኋላ ዝናው ይበልጥ ይጨምራል። በሁለተኛው የሚታየው ገላ የእኛ ነው፤ የሕፃን ገላ፣ ዝንብ የወረረው፣ ስም የሌለው። ዘፈኑ ስለ ማን እንደሆነ አልተነገረውም። ፊልሙ ከታየ በኋላ የመዋጮው ስልክ ተጨናነቀ፤ ገንዘቡም ነፍስ አድኗል፣ አልክድም። ብቻ የእማሆይን ጥያቄ ላንሣውና፣ ያ ክሊፕ ማንን ነበር የሚያሞግሰው? ላሊበሎቹ ድምፅ ነበሩ፣ ፊት አልነበራቸውም። እኛ በዚያ ቀን ከመቶ በላይ ለሚሆኑ አገሮች ፊት ሆነን ቀረብን፣ ድምፅ አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ1990ዎቹ ቪሲዲ መጣ፤ ከአዲስ አበባ ወሎ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ሳይቀር ክሊፕ ይታይ ጀመር። መኪናው የኪራይ፣ ቪላው የዘመድ፣ ወርቁ የተዋሰ። ስም አልጠራም፤ ሁሉም አድርጎታል። የሚገርመኝ ቤተ ጊዮርጊስን ከኋላ አድርጎ መወዛወዝ ነው። ንጉሡ ዓለቱን ከላይ ወደ ታች ያስፈለፈለው ሰው ከሩቅ እንዳያየው ነው የሚሉ አሉ፤ ክሊፑ ደግሞ ከሩቅ ለመታየት ይፈልገዋል። ትከሻው አለ፣ ሹሩባው አለ፣ ከኪነቱ ዘመን የተወረሰው የወሎ ቆንጆ ሁሉ አለ። የጠፋው ሰሚው የሚፈታው ወርቅ ነው። ሁሉም ነገር ስለሚታይ የሚፈታ አልቀረም። ነውር ሆነ ብዬ አይደለም የምከሰው፤ ሥራ አስፈታኝ ብዬ ነው።

ነገሩ ግን ባላሰብኩት በኩል ዞሮ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1990 ቶሮንቶ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተወለደ፣ አያቱ አማርኛ ያስተማሩት አቤል ተስፋዬ የሚባል ልጅ አለ፤ ዓለም ዘ ዊኬንድ ይለዋል። ዘፈኑ ሁሉ ዝና፣ አልጋና አደንዛዥ ዕፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው «ዘ ሂልስ» መጨረሻ ላይ ግን በአማርኛ የፍቅር ቃል ይናገራል፤ ወደ «አንቺ» ይመለሳል። ይህ ልጅ በ2010 መጨረሻ ዘፈኖቹን ኢንተርኔት ላይ ሲለቅ ፊቱን አላሳየም ነበር። በዝናው ጣሪያ ላይ ሆኖ ደግሞ እንደገና ሸፈነው። በ2020 ሽልማት ሊቀበል ፊቱን በፋሻ ጠቅልሎ ቀረበ፤ በጥር 2021 በወጣው «ሴቭ ዩር ቲርስ» ክሊፕ ላይ በቀዶ ጥገና የተበላሸ የሚመስል ፊት አጥልቆ፣ ጭምብል ላጠለቁ ታዳሚዎች ዘፈነ። ሰው ለመወደድ ሲል ራሱን የሚያበላሽበትን የሆሊውድ ባህል ለማሳየት እንደሆነም ተናግሯል። ከላስታ ወሰደው አላልኩም። ግን ፋሻውን ሳይ ትዝ ያለኝ ነጠላ ነው።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ፣ እኛ ሰፈር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ከደጅ ድምፅ ሰማሁ። አንዲት ላሊበላ ናት፤ ብቻዋን። የባለቤቴን ስም ታነሣለች፣ የልጆቼን ታነሣለች፣ የእኔን ሙያ እንኳ ከየት እንዳገኘችው እንጃ። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። የጎረቤቴ ልጅ ቀድሞኝ በሩ ላይ ቆሟል፤ ስልኩን ወደ እሷ ደግኗል፣ መብራቱንም አብርቷል። ሴትዮዋ አላቋረጠችም። በአንድ እጇ ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበችና ወደ አጥሩ ዞራ የእኔን ስም መጥራቷን ቀጠለች።

«እትዬ፣ አንዴ ወደዚህ ዞር በይልኝ» አላት ልጁ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለችው ሳትዞር። «ስምህን ንገረኝና ላወድስህ።»