ከአምስት ኪሎ ሽቅብና ቁልቁል፦ ኪታቦቻችን የት ይገኛሉ?

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ደጃፍ የቆመ ሰው በሁለቱም አቅጣጫ ቤተ መጻሕፍት አለው። ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ ሲወርድ በታኅሣሥ 2014 የተመረቀውን አብርሆትን ያገኛል። ጸጥ ያለ የማጥኛ ቦታ ለቸገረው ተማሪ ጥሩ ነው።

የዑለማዎቻችንን አሻራ የሚፈልግ ግን ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ ይሂድ። በዩኒቨርሲቲው ግቢ በ1955 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከግዕዝ ብራናዎች ጎን የዐረብኛና የዐጀሚ የእጅ ጽሑፎችን ይዟል። ዐጀሚ የሀገርን ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል መጻፍ ነው፤ የወሎ መሻይኾች የአማርኛ መንዙማቸውን ያኖሩልን በዚሁ ነው። የዐረብኛ ፊደል ጽሑፎቹ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2014 በመጽሐፍ ታትሟል። ተመራማሪ ከእርሱ ቢጀምር ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

ሦስተኛው ከዚህ ሰፈር ራቅ ይላል፤ በ1936 የተመሠረተውና ሰው ወመዘክር የሚለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት በሀገር ውስጥ የሚታተሙ ሥራዎች ቅጂ ለእርሱ ገቢ ይደረጋል። ይህ አሳታሚዎቻችንን በቀጥታ ይመለከታል። በአንዋር መስጂድ ዙሪያ ሲሸጡ የነበሩ፣ አንዴ ታትመው ዛሬ ቢፈለጉ የማይገኙ ስንት ትንንሽ መጻሕፍት አሉ! ቅጂያቸው ወመዘክር የገባ እንደሆነ ግን የልጅ ልጅ ጠይቆ ያነባቸዋል።

ከአያት የቀረ ኪታብ ቤታችሁ ካለ ደግሞ በፌስታል አትጠቅልሉት፤ እርጥበት ያፍናል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ሸፍናችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ገጾቹንም አንድ በአንድ ፎቶ አንሷቸው።