የነፍጥ ባሩድ ልክ

የነፍጥ ባሩድ ልክ በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ ጠመንጃ ለአንድ ተኩስ የሚሰጠው የባሩድ መጠን ነው። ባሩዱና አረሩ በየተራ በእጅ ስለሚጨመሩ ልኩን የሚወስነው ተኳሹ ራሱ ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ነፍጦች እንኳ የተለያየ ልክ ሊስማማቸው ይችላል። ነፍጥ ዳግም ለማጉረስ ጊዜ ስለሚወስድ አዳኙ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ ተኩስ ነው፤ ልኩ ካልተስተካከለ እንስሳው ቆስሎ ያመልጣል።

ታሪክ

ነፍጥ በኢትዮጵያ በሰፊው የታወቀው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ውጊያ ከዓፄ ቴዎድሮስ ትላልቅ መድፎች አንዱ ከመጠን በላይ ባሩድ ጎርሶ ፈነዳ። በዚያው ውጊያ የእንግሊዝ ጦር ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ይዞ ነበር። በ1887 ዓ.ም. ዓፄ ምኒልክ በወላይታ ንጉሥ በካዎ ጦና ላይ ሲዘምቱ ሠራዊታቸው እንደ ረሚንግተን ያሉ ከኋላ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች ታጥቆ ነበር።

በአደን ረገድ የሚታወቀው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 እና 1862 በሰቲት (ተከዜ) ወንዝ አካባቢ ሲያድን «ሕፃኑ» ብሎ የሰየመው ነፍጥ ነበረው። ነፍጡ 9 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፤ 18 ግራም ያህል ባሩድ ጎርሶ 227 ግራም የሚመዝን ፈንጂ አረር ይተኩስ ነበር። ግፊቱ ተኳሹን ስለሚያሽከረክር ቤከር ራሱ ይፈራው ነበር፤ የተኮሰውም ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ልኩን ማግኘት

* በነፍጥ የሚገባው ጥቁር ባሩድ ብቻ ነው። የዘመናዊ ጥይት ጭስ አልባ ባሩድ በርሜሉን ሊያፈነዳ ይችላል።
* ሠሪው ከፈቀደው ዝቅተኛ ልክ ይጀመራል። ባሩዱ በመስፈሪያ ይለካል እንጂ ከቀንዱ በቀጥታ አይገለበጥም።
* ነፍጡን ድጋፍ ላይ አሳርፎ በአንድ ልክ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይተኮሳል፤ ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደተቀራረቡም ይለካል።
* ልኩ በትንሽ በትንሹ ይጨመራል፤ የሠሪው ጣሪያ ግን አይታለፍም። በአንድ ጊዜ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወይ ባሩዱ፣ ወይ አረሩ፣ ወይ አረሩ የሚጠቀለልበት ቅባት የነካው ጨርቅ። ሁለቱ አብረው ከተለወጡ የለውጡ ምክንያት አይታወቅም።
* ጥላሸት አረሩን ስለሚያጣብቅ በርሜሉ በየተኩሱ ይወለወላል።
* አረሩ ባሩዱ ላይ በደንብ መቀመጥ አለበት። በመካከል ክፍተት ከቀረ በርሜሉ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስለዚህ በመጠቅጠቂያው ዘንግ ላይ ምልክት ይደረጋል።

ምርጡ ልክ ቀዳዳዎቹን ይበልጥ ያቀራረበው ነው እንጂ ከፍተኛው አይደለም። የትልቅ ነፍጥ ጉልበት በአብዛኛው ከአረሩ ክብደት ስለሚመጣ፣ ባሩድ ማብዛት ከጥቅሙ ይልቅ ግፊቱን ያበዛል። በመጨረሻም ልኩ በአደን ርቀት፣ ከንጹሕ በርሜል በሚተኮስ የመጀመሪያ ተኩስ ይፈተናል።

ሕግ

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ የዱር እንስሳት አደን ደግሞ በራሱ ሕግ ይመራል። ሁለቱም ፈቃድ ይጠይቃሉ።