የእንቅርት ታሪክና የደም ምርመራ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ነው። ተረቱ ስለ መከራ መደራረብ ይነገራል እንጂ ስለ ሕክምና አይነገርም፤ ኾኖም ሕዝባችን እንቅርትን የሚያውቀው በዓይን መኾኑን ያመለክታል። ያበጠ አንገት ይታያል፤ ከታይሮይድ ዕጢ ወደ ደም የሚፈሰው ሆርሞን በዛ ወይስ አነሰ የሚለውን ግን ዓይን ሊመሰክር አይችልም። ይህ አጭር ጥናት ሐኪሞች ከዓይን ወደ ደም እንዴት እንደ ተሻገሩ፥ የደሙም ምስክርነት ጊዜውን ሳያዩ ቢያነቡት እንዴት እንደሚያሳስት ለማሳየት ይሞክራል። ዓመታቱ ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በአገራችን የእንቅርት ዋና መነሻ የአዮዲን እጥረት ነው። የደጋውን አፈር ዝናብ ለብዙ ዘመን ሲያጥበው አዮዲኑ አብሮ ይሄዳል፤ በዚያ አፈር የበቀለ እህልም ይጐድለዋል። የጣና ዳር ሰው ዓሣ ይበላል ቢባል፥ ጣና በስም ባሕር ይባል እንጂ ውኃው ጨው የለበትም፤ ዓሣውም የጨዋማ ባሕር ዓሣን ያህል አዮዲን አይሰጥም። ከአፋር ሜዳ እየተቈረጠ በግመልና በአጋሰስ ይመጣ የነበረው፥ ገንዘብም ኾኖ ያገለገለው አሞሌ ጨው ወጥ አጣፈጠ እንጂ እንቅርት አልከለከለም። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝዘው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2011 ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15 ያህሉ ነበር፤ በ2016 ግን 89 ደረሰ።

ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አዮዲን ለዓመታት የተራበ፥ በውስጡም እባጭ ያበቀለ ዕጢ አዮዲን ባገኘ ጊዜ አንዳንድ ጊዜ ከልክ በላይ ይሠራል። የጄኔቫው ሐኪም ኮንዴ ከ1820 ጀምሮ አዮዲንን ለእንቅርት ሲሰጥ አንዳንዶቹ በሽተኞች ልባቸው እየመታ ከሱ። በ1990ዎቹም በዚምባብዌና በኮንጎው ኪቩ ጨው አዮዲን ከተጨመረበት በኋላ ይኸው ታየ። ይህን የምጽፈው ጨዉን ለማማት አይደለም፤ ጥቅሙ ከጉዳቱ እጅግ ይበልጣል። እየበላ የሚከሳ፥ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ያየ ጎረቤት «የኮሶ ትል ነው» ቢል ግን አይፈረድበትም፤ እውነቱ የሚገኘው በደም ነውና።

መድኀኒቱ ከጥሩው መለኪያ ቀድሞ መምጣቱ የታሪኩ አስገራሚ ክፍል ነው። አስትዉድ የተባለው የቦስተን ሐኪም ታዮዩራሲልን ለበሽተኞች መስጠቱን የገለጸው በ1943 ነው፤ ዛሬ የሚታዘዙት ፕሮፒልታዮዩራሲል፥ ሜቲማዞልና ካርቢማዞል የዚያው ወገን ናቸው። ያን ጊዜ ሐኪሙ የሚከታተለው የልብ ምቱን፥ ክብደቱን፥ በሽተኛው ሳይበላ ተኝቶ የሚተነፍሰውንም ኦክሲጅን እየለካ ነበር። ቤርሰንና ያሎ በኒው ዮርክ በጨረር አማካይነት በደም ውስጥ ያለ ሆርሞን የሚለኩበትን ዘዴ የገለጡት በ1959ና በ1960 ነው፤ ያሎ ስለዚህ ሥራ በ1977 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ታይሮይድን የሚያዝዘው ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለው ሆርሞንም በ1960ዎቹ ተለካ፤ ጤናማውን መጠን እጅግ ዝቅ ካለው የሚለይ መለኪያ የተገኘው ግን በ1980ዎቹ ነው።

መለኪያው ከተሻለ ወዲህም አንድ ወጥመድ አለ። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱይታሪ ዕጢ ታይሮይድን በቲ.ኤስ.ኤች. ታዝዛለች፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ትእዛዟን ታቆማለች። ኪኒኑ ሆርሞኑን ከቀነሰው በኋላ ግን ወዲያው አትነቃም፤ ሳምንታት፥ አንዳንዴም ወራት ይፈጅባታል። ስለዚህ በስድስተኛው ሳምንት በመጣ ወረቀት ላይ ቲ.ኤስ.ኤች. ገና ዝቅ ብሎ፥ ቲ-4 የተባለው የታይሮይድ ሆርሞን ግን ተስተካክሎ ወይም ከልክ በታች ወርዶ ይገኛል። ቲ.ኤስ.ኤች.ን ብቻ አይቶ «በሽታው አልበረደም» በማለት ኪኒን የሚጨምር ሰው በሽተኛውን ወደ ተቃራኒው በሽታ ይገፋዋል፤ ብርድ ብርድ ይለዋል፥ ይደክመዋል፥ አንገቱም ይብስ ያብጣል። ዓይን ያን እብጠት አይቶ መድኀኒቱ አነሰ ይላል፤ የበዛው ግን መድኀኒቱ ነው! በመጀመሪያዎቹ ወራት ቲ-4ና ቲ-3 በየአራት ወይም በየስድስት ሳምንቱ እንዲለኩ የሚፈለገው ስለዚህ ነው፤ ከተረጋጋ በኋላ በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ ይበቃል።

ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ከሹም አቦ ለሚነሣ የባሕር ዳር ሰው ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፤ ከደቅ ደሴት በጀልባ ለሚመጣ ገበሬ ግን እያንዳንዱ ቀጠሮ የሥራ ቀንና ገንዘብ ያስከፍላል። ልቡ ጸጥ ሲል፥ ሥጋው ሲመለስ፥ «ድኛለሁ» ብሎ ቢቀር አያስደንቅም። ነገር ግን በሽታው ግሬቭስ የሚባለው ከኾነ ኪኒኑ ከ12 እስከ 18 ወር ይወሰዳል፤ ካቆሙም በኋላ ከበሽተኞቹ ግማሽ ያህሉ ላይ ይመለሳል። የእባጭ እንቅርት ከኾነ ኪኒኑ ያስታግሳል እንጂ አይነቅለውም፤ ቀዶ ጥገና ወይም በጨረር አዮዲን መታከም ይፈልጋል። ስለዚህ የትኛው ዓይነት እንደ ኾነ በመጀመሪያ ሊነገረው ይገባል።

ቀጠሮ የማይጠብቅ አንድ ምርመራም አለ። እነዚህ መድኀኒቶች በጥቂት ሰዎች ላይ፥ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፥ የደምን ነጭ ሕዋሳት ያጠፋሉ። ኪኒኑን የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ቢነሣበት ኪኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ነጭ ሕዋሳቱን ማስቈጠር አለበት፤ የሆርሞኑ ወረቀት ይህን አደጋ አያሳይም።