ሽማግሌ ሲቀመጥ ይርጋ ይቆጥራል

ሐዋሳ ውስጥ ከሥራ የተባረረ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሽማግሌ ነው። ይኽን አንነቅፍም። ሲዳማ «አፊኒ» ይላል፤ «ሰምታችኋል ወይ?» ማለት ነው። ነገር በሶንጎ ፊት ተሰምቶና ተጣርቶ ይታረቃል። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ሕጉ ሽማግሌን አይጠብቅም።

እስቲ ከሥሩ እንየው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራን የሁለት ሰዎች ውል አድርጎ አየው፤ ባለፋብሪካውና የቀን ሠራተኛው እኩል ተዋዋዮች ሆኑ፣ በወረቀት ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 210/1956 የሠራተኛ ማኅበርን ዕውቅና ሰጠ፤ ክርክር የሚሰማ ቦርድም አቆመ። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጠቅላላ አድማ የጀመረው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ደርግ በ1968 ዓ.ም. ኮንፌዴሬሽኑን አፈረሰ፤ አዋጅ ቁጥር 64ንም በዚያው ዓመት አወጣ። ስለ «ወዝአደሩ» ብዙ ተዘፈነ፤ የወዝአደሩ የራሱ ድምፅ ግን ጠፋ።

ለዛሬው ነገራችን ዋናው አዋጅ ቁጥር 42/1985 ነው። ክርክርን «የወል» እና «የግል» ብሎ ለሁለት ከፈለው፤ 377/1996ም 1156/2011ም ይኽንኑ መንገድ ተከተሉ። የወሉ ክርክር መንግሥት የሚመድበው አስማሚ አለው፤ በ30 ቀን ካልተስማሙ ወደ ቦርድ ይሄዳል። ብቻዋን የተባረረችው ልጅ ግን በቀጥታ ፍርድ ቤት ናት። ማኅበር ያለው አስማሚ አገኘ፣ ብቸኛዋ ክስ ጻፊ ተባለች! እኛ ይኽ የተገላቢጦሽ ነው እንላለን።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። ታኅሣሥ 2014 አሜሪካ የአጎዋን ዕድል ስታቋርጥ ብዙዎቹ ሥራ አጡ። ከተማው ውስጥ ያላቸው ዘመድ እንጂ ጠበቃ አይደለም። ዘመድ ደግሞ «ቆይ፣ በሽምግልና እንጨርሰዋለን» ይላል።

ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር ይርጋ ይታገዳል፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት በ6 ወር። ቆጠራውን የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ማመልከት ነው፤ አለዚያ አሠሪው መብቱን በጽሑፍ ማመኑ። የሽማግሌ ቡና አይቆጠርም። ሦስት እሑድ ቀጠሮ፣ አንድ ለቅሶ፣ አንድ በዓል፤ ሦስቱ ወር አለቀ። ፍርድ ቤቱ በ60 ቀን ይወስን ተብሎ ቢታዘዝም፣ ዘግይታ ለደረሰችው ምን ዋጋ አለው?

ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያው ቀን አሠሪውን አንዲት መስመር ቢያስፈርሙት ቆጠራው ይቋረጥ ነበር። ግን ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ «ፈርምልኝ» ማለት እኛ ዘንድ ሰውን አለማመን ሆኖ ይታያል።